ጎዶ ላይ ሲግናል እንዴት ይሠራል?

ጎዶ (Godot) በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ጌም መሥራት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉን ነገር ለተጫዋቹ ስክሪፕት ያሸክማል። ተጫዋቹ ሲመታ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የላይፍ ቁጥር ራሱ ፈልጎ ይቀይራል። ይሠራል፣ ግን ቁጥሩን ወደ ሌላ ኖድ (ጌሙ የሚገነባበት ቁራጭ) ሥር ያዛወራችሁ ቀን ጌሙ ቀጥ ይላል።

በሲግናል፣ ማለትም አንድ ኖድ ለሌሎች በሚልከው መልእክት ከሆነ፣ ተጫዋቹ "ላይፌ ተቀየረ" ብሎ ይናገራል፤ ማን እንደሰማው አያገባውም።

መጀመሪያ በተጫዋቹ ስክሪፕት አናት ላይ "ሲግናል" (signal) የሚለውን ቁልፍ ቃል ጻፉና ስም አስከትሉ። "ላይፍ_ተቀየረ" እንበለው። በቅንፍ "ቀሪ" ጨምሩበት፤ ከሲግናሉ ጋር የሚላከው ቁጥር ስም ነው። ጎዶ 4 ቁልፍ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ይፈልጋል እንጂ፣ እናንተ የምታወጡትን ስም በአማርኛ ብትጽፉም ይቀበላል።

ከዚያ "ተመታ" የሚል ፈንክሽን ሥሩ። ላይፉን በ1 ይቀንስ፤ ቀጥሎ የሲግናሉ ስም፣ ነጥብ፣ "ኤሚት" (emit፣ ላክ ማለት ነው)፣ በቅንፍ ደግሞ ላይፉ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ሳትቀንሱ ከላካችሁ ላይፉ 2 ሆኖ ስክሪኑ 3 ይላል።

ሰሚው ሌብሉ፣ ማለትም ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ኖድ ነው። እሱ ላይ "ላይፍ_አሳይ" የሚል፣ አንድ ቁጥር ተቀብሎ የሚጽፍ ፈንክሽን ይኑር። ሲግናሉ አንድ ነገር ልኮ ፈንክሽኑ ሁለት ከጠበቀ ኤረር ነው።

ማገናኘቱን ለሁለቱም ወላጅ ለሆነው ኖድ ተዉት። በእሱ "ሬዲ" (_ready፣ ኖዱ ዝግጁ ሲሆን ጎዶ ራሱ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ፦ ተጫዋቹ፣ ነጥብ፣ ላይፍ_ተቀየረ፣ ነጥብ፣ "ኮኔክት" (connect)፤ በቅንፍ የሌብሉን ላይፍ_አሳይ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ከላይፍ_አሳይ ኋላ ሌላ ቅንፍ እንዳትከፍቱ። ከከፈታችሁ ፈንክሽኑን እዚያው ጠራችሁት ማለት ነው፤ ኮኔክት የሚፈልገው ፈንክሽኑን ራሱን ነው።

ከኢንስፔክተር (የኖዱ ሴቲንጎች ከሚታዩበት ክፍል) አጠገብ የሲግናሎች ዝርዝር ባለበት ታብ በማውስ ማገናኘትም ይቻላል። ለሜኑ በተን እሱ ይቀላል። ጌሙ እየሄደ በኮድ ለሚፈጠሩ ጠላቶች ግን ኮኔክት ግድ ነው።

አሁን ጌሙን ስትከፍቱ ቁጥሩ እስክትመቱ ድረስ ባዶ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ በራሱ "ሬዲ" ኤሚት ያድርግ ብትሉም አይጠቅምም፤ የልጆች "ሬዲ" ከወላጁ ቀድሞ ስለሚሠራ ያኔ ገና የሚሰማ የለም፣ ጎዶም ያለፈ ሲግናል አያስቀምጥም። ከኮኔክቱ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይፍ_አሳይን የተጫዋቹን ላይፍ ሰጥታችሁ አንዴ በቀጥታ ጥሩት።