ጀበና ስትሉት ማንቆርቆሪያ ሲያወጣ፦ በኤአይ ምስል ስትሰሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዲስ አበባ ዳር ባሉት ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ አዲስ የሚከፈት ቤት አይጠፋም። ጁስ ቤት፣ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት። ሁሉም ባነር ይፈልጋል፣ ሜኑ ይፈልጋል፣ የቴሌግራም ፖስተር ይፈልጋል፤ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ለማሰራት ግን የሁሉም አቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ከጽሑፍ ምስል የሚሰራው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንደኛ ከከተማው ዳር ሆነው ዲዛይን ለሚሰሩ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። ክፋቱ፣ እኛን በደንብ አያውቀንም። ብዙ ሰው ትንሽ ሞክሮ የማይመስል ነገር ሲያወጣበት «ይሄ ለፈረንጅ የተሰራ ነው» ብሎ ይተወዋል። አትተዉት። አብዛኛው ችግር ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ መፍትሄም አለው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኤአዩ ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ፈልጎ አይደለም የሚያመጣላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቻናል ሲጠፋ ቲቪ ላይ ከሚታየው ዓይነት ዝብርቅርቅ ነጥብ ይነሳና የጻፋችሁትን እየተከተለ ደረጃ በደረጃ ያጠራዋል። ወደ ምን እንደሚያጠራው የሚያውቀው ሲሰለጥን ካያቸው ምስሎችና ከምስሎቹ ጋር ከነበሩት ጽሑፎች ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለው ምስል ሰሪ ኤአይ በፈረንጆቹ 2022 ሲወጣ የተሰለጠነበት ላዮን የሚባለው ስብስብ 5.85 ቢሊዮን ምስል ከነመግለጫው የያዘ ነው፤ ሞዴሉ (የሰለጠነው ኤአይ ራሱ) በዋናነት የተማረው ግን የእንግሊዝኛ መግለጫ ካላቸው 2.3 ቢሊዮን ያህሉ ነው። በዚያ ውስጥ የኛ ጀበና፣ የኛ ሰፈር፣ የኛ ፊደል ስንት ቦታ እንደሚኖረው አስቡት። ከታች የምታዩት ችግር ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው።

«ፊደሉ አማርኛ ይመስላል፣ ግን አይነበብም»

«እንኳን ለአዲስ ዓመት አደረሳችሁ» ብለህ ጻፍበት ትሉታላችሁ። ከሩቅ ሲታይ ግዕዝ ነው። ጠጋ ስትሉ አንዱ ፊደል ራሱ «ጸ» እግሩ «ቋ» ነው፣ ሌላው ጭራሽ በፊደል ገበታ ላይ የለም።

ምክንያቱ ምስል ሰሪው ፊደልን የሚያውቀው በቅርጹ መሆኑ ነው፤ ማንበብ አይችልም። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው፣ ያንንም በየማስታወቂያው በብዙ ሚሊዮን ጊዜ አይቶታል። የኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለያት ደግሞ የአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ሞዴሎች በጣም ተሻሽለዋል፣ አጭር ቃል አንዳንዴ በትክክል ይጽፋሉ። ተሰቅሎ ለሚከርም ባነር ግን «አንዳንዴ» አይበቃም።

መፍትሄው ጽሑፉን ለሱ አለመስጠት ነው። ምስሉን ብቻ ያውጣ፣ ለጽሑፍ የሚሆን ቦታ ግን ያስቀርላችሁ፦ «የምስሉ የላይኛው ሲሶ ባዶ ይሁን፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ግድግዳ»። ከዚያ ፎቶሾፕ ወይም ካንቫ ላይ፣ ስልክ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ፒክስልላብ ላይ ራሳችሁ ጻፉበት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል በነፃ የሚወርዱ ጥሩ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ናቸው። የጻፋችሁት ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነውና ቀይሩት።

አንድ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ፦ ከኋላ ያለ የሱቅ ታፔላ። ዋናው ምስል ያማረ ሆኖ ከጀርባ ያለው ሱቅ ላይ የተዘበራረቀ ፊደል ካለ የሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ያቺን ቦታ ብቻ መርጣችሁ እንደገና አሰሩት፣ ካልሆነ አደብዝዙት።

«ጀበናው ማንቆርቆሪያ፣ እንጀራው ፓንኬክ ሆነ»

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሥራችንን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ይሄ ነው። «የኢትዮጵያ ቡና ሥነ ሥርዓት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የሚያብረቀርቅ የዓረብ የነሐስ ማፍያ፣ ጆሮ ያለው ትልቅ የሻይ ኩባያ፣ ከጎኑ ብስኩት ይመጣል። ሞዴሉ «ቡና ማፍያ» ከሚል ቃል ጋር ያየው አብዛኛው ምስል የሌላ አገር ስለሆነ፣ ስሙን ብቻ ስትጠሩለት ወደ ብዙኃኑ ይጎተታል።

ስለዚህ ስሙን ጥሩና አካሉን ደግሞ ዘርዝሩ። ጀበና አይቶ ለማያውቅ ሰው በስልክ እንደምታስረዱት አድርጋችሁ ጻፉ፦ «ከጥቁር ሸክላ የተሰራ የቡና ማፍያ፣ ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን፣ በጎኑ አንድ እጀታ፣ ላዩ ሻካራና የማያብለጨልጭ፣ ከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ። ዝቅ ያለ የእንጨት ረከቦት ላይ እጀታ የሌላቸው ትናንሽ ነጭ ሲኒዎች። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘ ረጅም እርጥብ ሳር።» እንጀራም እንደዚያው ነው፦ «ትሪውን ሙሉ የሸፈነ ሰፊ፣ ስስ፣ ለስላሳ፣ ላዩ በትናንሽ ዓይኖች የተሞላ፣ ቀለሙ ግራጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ፤ ወጡ በላዩ ላይ በየቦታው ተለያይቶ የተቀመጠ»። «ፒዛ አይደለም» እንዳትሉት ብቻ፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። የሐበሻ ቀሚስ የሕንድ ሳሪ ከሆነባችሁ ጨርቁ ነጭ የጥጥ ሸማ መሆኑን፣ ጥበቡ ከደረት መሃል ቀጥ ብሎ ወርዶ ከታች ጫፉን እንደሚዞር፣ ነጠላው ትከሻ ላይ እንደሚጣል ጻፉለት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስልካችሁ ነው። ቻትጂፒቲና ጀሚናይ ከጽሑፉ ጋር ፎቶ ይቀበላሉ። የቤታችሁን ጀበና አንሱና «ይህን ጀበና ቅርጹን ሳትቀይር ነጭ ግድግዳ ያለው ካፌ ውስጥ አስቀምጠው» በሉት። ብዙ ከመጻፍ ያድናል።

ሰፈራችንም ተመሳሳይ ዕጣ ነው የሚገጥመው፣ እሱ ደግሞ ያናድደኛል። «የአዲስ አበባ ዳርቻ» ሲባል የሳር ጎጆ፣ ግራርና አቧራማ የጀምበር መጥለቂያ ያመጣል። «ኢትዮጵያዊት ሴት» ሲባል ደግሞ ፊቷ የተጨማደደ፣ ዓይኗ የተከዘ የገጠር እናት፤ የውጭ ፎቶ አንሺዎች ሲደጋግሙ የኖሩት እሱን ስለሆነ ነው። እናታችን ናት፣ ክብር ይገባታል፤ ለፀጉር ቤት ባነር ግን የተፈለገችው እሷ አይደለችም። የምታዩትን ጻፉ፦ «በረድፍ የቆሙ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች፣ በረንዳው ላይ ዲሽና የተሰጣ ልብስ፣ ኮብልስቶን መንገድ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ ከኋላ ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ፣ ከክረምት በኋላ ያለ ጥርት ያለ ሰማይ»። ለሰውም ዕድሜ፣ ሥራ፣ ልብስና የፀጉር አሰራር ጨምሩ፦ «25 ዓመት የሚሆናት የፀጉር ባለሙያ፣ ሹሩባ የተሰራች፣ ጥቁር ሽርጥ ያደረገች፣ እየሳቀች»። ባንዲራ ካለበት አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው መሃል፣ ቀዩ ከታች መሆኑን ሳታዩ አትላኩ።

«በአማርኛ ስጽፍለት ግማሹን ይረሳዋል»

መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት አማርኛ ይገባቸዋል፣ ጽሑፋችሁን ራሳቸው አብላልተው ነው ምስል የሚያወጡት። እንደ ስቴብል ዲፊዩዥን ያለው ግን ጽሑፉን ቆራርጦ ይቆጥራል፣ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በአንድ ጊዜ የሚይዙት 77 ቁራሽ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ የተለመደ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁራሽ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ግን በኮምፒውተር 3 ባይት ስለሚይዝ ብቻውን እስከ 3 ቁራሽ ሊበላ ይችላል። ማለትም ዓረፍተ ነገራችሁን ሳትጨርሱ ቦታው ያልቃል፤ የተያዘውንም ሞዴሉ አያውቀውም።

ስለዚህ በአማርኛ አስቡ፣ በአማርኛ ዘርዝሩ፣ ከዚያ ቻት የሚያደርገውን ኤአይ «ይህን ለምስል መስሪያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይርልኝ» በሉት። የቀየረውን አንብቡት። ጀበናን «ኬትል» (ማንቆርቆሪያ) ብሎ ከሆነ የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ገባ። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ ጌጣጌጡ ወደ ኋላ።

«አታስገባ ያልኩትን ያስገባል»

«መኪና የሌለበት መንገድ» ትሉታላችሁ፣ መኪና ይሞላዋል። የምስል መግለጫ የሚጽፍ ሰው ያለውን ነው እንጂ የሌለውን አይጽፍም፤ ሞዴሉም «መኪና» የሚለውን ይይዛል፣ «የሌለበት» የሚለው ይጠፋበታል። ለዚህ ነው ፒዛ አትጥሩ ያልኳችሁ። የምትፈልጉትን ብቻ ንገሩት፦ «ጭር ያለ መንገድ፣ ሁለት እግረኞች ብቻ»። ስቴብል ዲፊዩዥን ላይ የማይፈለገው ነገር የሚጻፍበት ለብቻው ሳጥን አለ፣ ሌላው ምስል ሰሪ ሚድጆርኒም የማስወገጃ ትእዛዝ አለው፤ እዚያ ብትጽፉት ይሰራል።

«ጣት ስድስት ሆነ፣ ከኋላ ያሉት ሰዎች ፊታቸው ቀለጠ»

አዳዲሶቹ ላይ ቀንሷል። ሕዝብ ሲበዛ ግን አሁንም አለ፣ ለእያንዳንዱ ፊት የሚደርሰው ፒክስል (ምስሉ የተሰራበት ትንሽ ነጥብ) ጥቂት ስለሆነ። የሰው ቁጥር ቀንሱ፣ ካሜራውን አቅርቡ፣ የቀረውን ቦታውን መርጣችሁ እንደገና አሰሩ።

«ያችው ልጅ ሁለተኛ አትመጣም»

መዋዕለ ሕፃናት በአንዲት ልጅ ዙሪያ ተከታታይ ፖስተር ሲያዝዝ የሚመጣ ችግር ነው። በየጊዜው የሚነሳበት ዝብርቅርቅ ነጥብ የተለየ ስለሆነ ልጅቷም ትለያለች። ሲድ የሚባለውን፣ ያንን መነሻ ነጥብ የሚወስነውን ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ከሆነ ቁጥሩን መዝግቡ፤ ያው ሲድ፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ሴቲንግ ያንኑ ምስል ይመልሳል። ልብሷን ወይም ቦታውን ለመቀየር ግን የመጀመሪያውን ምስል አስገብታችሁ «ይህችን ልጅ» ማለቱ ይሻላል።

«ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ደበዘዘ»

ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሰጡት በአንድ ጎን 1024 ፒክስል አካባቢ ነው። ያ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ከ9 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ለቢዝነስ ካርድ ነው የሚሆነው። ከሩቅ ለሚታይ ባነር 72 ዲፒአይ ይበቃል ብንል እንኳ ለአንድ ሜትር 2,800 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። አፕስኬይል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ አሳድጉት።

ሌላው የጥራት ሌባ ቴሌግራም ላይ ነው ያለው። ምስሉን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ለማተሚያ ቤቱ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። ካሬ ምስልን ለረጅም ባነር አትለጥጡ፣ ሰው ይወፍራል፣ ሲኒው ሳህን ይሆናል፤ ከመጀመሪያው አግድም ረጅም አድርገህ ስራ በሉት። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሐምራዊ በማተሚያ ቀለም እንደማይወጣም ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

«አልሰራም አለኝ»

ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድ አሳየኝ ካላችሁት ማጣሪያው ደም ያለበት ነገር ነው ብሎ ሊከለክላችሁ ይችላል። የደረሰውን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ጠይቁት። የታዋቂ ዘፋኝን ፊት ባነር ላይ ለማውጣት ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አትፈልጉ፤ ሳያስፈቅዱ በሰው ፊት መነገድ ልክ አይደለም።

«መሃል ላይ ኔት ተቋረጠ»

ደጋግማችሁ አትጫኑ። ምስሉ የሚሰራው እዚያ በድርጅቱ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ስለሆነ እናንተ ጋ ቢቋረጥም ብዙ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ ስትመለሱ መጀመሪያ የቀድሞ ሥራዎቻችሁን ክፈቱ። በጫናችሁ ቁጥር የነፃ ድርሻችሁ ነው የሚቀንሰው። ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ማሰራት ካማራችሁ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ ለቆየው ስቴብል ዲፊዩዥን 4 ጊጋባይት፣ ኤክስኤል ለሚባለው ስሪቱ 8 ጊጋባይት ያህል ቢኖረው ነው ደስ የሚለው።

«ደንበኛ ሜኑውን አይቶ መጣ፣ የቀረበለት ሌላ ነው»

ይሄ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። ኤአዩ የሳለው ክትፎ የዚያ ቤት ክትፎ አይደለም፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ተታልሏል። ለሜኑ ምግቡን ራሱን አንሱ። ሳህኑን መስኮት አጠገብ አድርጉ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ስልኩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከፊት ለፊት አንሱት። ከዚያ ፎቶውን አስገቡና «ምግቡንና ሳህኑን ሳትነካ ጠረጴዛውንና ባክግራውንዱን ብቻ ቀይር» በሉት። ሲመልስላችሁ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፤ ሥጋ ጨምሮ ወይም አይቡን አብዝቶ ከሆነ ያንን ጣሉና እንደገና አሰሩት።