ጭንቅላት ሲደርቅ መዝገበ ቃላቱን በጭፍን ግለጡት

ሥራዬ የምልክት ሰሌዳ መንደፍ ነው። ሰው ሕንፃ ውስጥ ገብቶ መንገድ እንዳይጠፋው ቀስቱን፣ ቁጥሩንና ጽሑፉን አዘጋጃለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሆስፒታል ሠርቼ አፈርኩ። ሕመምተኞቹ ላቦራቶሪውን ማግኘት አቃታቸው። ቀስቱን አተለቅኩት፤ አልሆነም። ቀይ ቀባሁት፤ አልሆነም። በሦስተኛው ዙር ሰሌዳው በር አክሎ ነበር። ሰዉ ግን ያው ጥበቃውን ነው የሚጠይቀው።

ማልታ የተወለደው ሐኪም ኤድዋርድ ዴ ቦኖ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርቅና ጥሩ ምሳሌ ነበረው። ሌላ ቦታ ጉድጓድ ከፈለግህ የያዝከውን ማጥለቅ አይረዳህም ይላል። «ላተራል ቲንኪንግ» የሚለውን ስያሜ ያወጣውም እሱ ነው፣ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እኔ «ወደ ጎን ማሰብ» እለዋለሁ። ያኔ የነበርኩት ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ አካፋዬን እየሳልኩ።

ከጉድጓዱ ለመውጣት የማደርገው ይህን ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ግማሹ ሥራ ይኼ ነው። «ሰሌዳውን እንዴት ላሻሽል?» ብዬ ከጻፍኩ መልሱ ሰሌዳ እንዲሆን ፈርጄበታለሁ። «ሰው ከመግቢያው ተነስቶ ላቦራቶሪ እንዴት ይድረስ?» ሲሆን ግን ሰሌዳ የሚባል ነገር የለበትም። የለመዳችሁትን ዕቃ ከጥያቄው ውስጥ አውጡት።

ቀጥሎ ወፈር ያለ የወረቀት መዝገበ ቃላት ያዙ። የዚያን ዕለት ሰዓቴን ሳይ 2፡47 ይላል። ገጽ 247ን ገለጥኩና ከላይ ሰባተኛውን ስም ወሰድኩ። ቃሉ ካልጣማችሁ እንደገና ማውጣት ክልክል ነው! የምትወዱት ቃል እስኪመጣ ከገለጣችሁ የመረጠላችሁ ዕጣው አይደለም፤ ያው የደረቀው ጭንቅላታችሁ ነው።

የደረሰኝ «ዳክዬ» ነበር። ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ሕጌ ሕግ ነውና አምስት ደቂቃ ሞልቼ ስለ ዳክዬ ብቻ ጻፍኩ። ትዋኛለች። ላባዋ ውሃ አይዝም። ስትሄድ ትወዛወዛለች። ጫጩቶቿ በሰልፍ ይከተሏታል። ይህን ስትጽፉ ጥያቄያችሁን እርሱት፤ ማገናኘቱ በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጥያቄው መለስኳቸው። ውሃ የማይዝ ላባ፦ ቶሎ የሚወለወል ሰሌዳ። የማይረባ። መወዛወዝ፦ ምንም። ሰልፍ፦ ጫጩቷ ምን እያየች ነው የምትከተለው? የፊተኛዋን ጭራ። ዝቅ ያለ፣ ከዓይኗ ፊት ያለ ነገር። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሆዱን ይዞ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ብሎ የኔን ሰሌዳ ሊያይ ነው? በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሰው አየሁ። አብዛኛው የሚያየው ወለሉን ነው። ከመግቢያው እስከ ላቦራቶሪው በር ወለሉ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር አሰመርን። ሌላ ቦታ ከእኔ በፊት ያሰመሩ እንዳሉ ኋላ ሰማሁ፤ ቅር አላለኝም። ጥበቃው አሁን ጣቱን ወደ ታች ነው የሚቀስረው፦ «አረንጓዴዋን ይዘው ይሂዱ።»

አማርኛ ለዚህ ጨዋታ ይመቻል። «ዋና» የሚል ቃል ቢደርሳችሁ ሲጠብቅ የበላይ ነው፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ መንቦራጨቅ። ሁለቱንም ተጠቀሙ። በአንድ ዕጣ ሁለት ቃል ማለት ነው።

መዝገበ ቃላት በእጃችሁ ከሌለ ሆን ብላችሁ ቅዠት ጻፉ፦ «ላቦራቶሪው ራሱ ወደ ሕመምተኛው ይሄዳል።» ዴ ቦኖ ለዚህ «ፖ» የምትል ቃል ፈጥሮለታል። ቅዠቱ ግን ከመራመድ ለተቸገረ ሰው ነርሷ ባለበት ሄዳ ደም ትውሰድለት ወደሚል ሐሳብ ይወስዳል። ይኼ ደግሞ ቅዠት አይደለም።

የማይሠራበት ጊዜም አለ። አንዴ የሰሌዳ ቀለም እየተላጠ ሲያስቸግረኝ ለሁለት ቀን ቃል ሳወጣ ከረምኩ። መልሱ ቀለሙ የመጣበት ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ነበር። የጎደላችሁ መረጃ ከሆነ ዕጣ አታውጡ፤ አንብቡ፣ ጠይቁ።

ዕጣ የሚጠቅመው ሥራውን ለሚያውቅ ዓይን ነው። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ከእረፍት ሲመለስ ባክቴሪያ ያሳደገበት ሳህን ሻግቶ አገኘው። በሻጋታው ዙሪያ ባክቴሪያው ጠፍቷል። ሰውዬው ቀደም ሲል ላይሶዛይም የሚባል ባክቴሪያ የሚያሟሟ ነገር ያገኘ ስለነበር ሳህኑን አጥቦ ዝም አላለም። ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚያ ሳህን ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መልሱ ቀድሞ ይመጣና ጥያቄው ይዘገያል። ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 ስሪኤም በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ጠንካራ ማጣበቂያ ሲፈልግ ተለጥፎ በቀላሉ የሚላቀቅ ልፍስፍስ ነገር ሠራ። ለዓመታት ሥራ ሲፈልግለት ኖረ። በ1974 የሥራ ባልደረባው አርት ፍራይ በመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጣቸው ወረቀቶች እየወደቁ ሲያስቸግሩት ማጣበቂያው ትዝ አለው። ከዚህ የተወለደው ፖስት-ኢት፣ ማለትም ተለጥፎ የሚነሳው ትንሽ የማስታወሻ ወረቀት፣ በመላው አሜሪካ ገበያ የወጣው በ1980 ነው።

ስለዚህ የተበላሸ ሥራ አልጥልም። ካርቶን ውስጥ አስገባለሁ፤ ላዩ ላይ ምን እንደሚያደርግ እጽፋለሁ እንጂ ለምን እንደተበላሸ አልጽፍም። ስጨናነቅ አንዱን ሳላይ አወጣለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው በስህተት መስታወት ላይ የታተመ ቀስት ነው። ከፊት ሲያዩት ወደ ቀኝ ይጠቁማል፣ ከኋላ ሲያዩት ወደ ግራ። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄውን ገና አላገኘሁለትም።