በኮሎራዶ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ በሰው ሠራሽ ዝንብ ትራውት እንዴት እንደሚጠመድ

በዴንቨር ወይም በአውሮራ የሚኖር ሐበሻ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢነዳ፣ ዴከርስ ከምትባል አነስተኛ መንደር አጠገብ በትራውት ዓሣ የታወቀውን የሳውዝ ፕላት ወንዝ ያገኛል። አብዛኞቻችን ግን ዓሣን የምናውቀው በጣና ታንኳ፣ በመረብና በሐዋሳ ጥብስ በመሆኑ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ረጅም ክር ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚያወናጭፍ ሰው ስናይ ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስለናል። ይህ አጠማመድ ፍላይ ፊሺንግ ይባላል። በተለመደው የመንጠቆ አጠማመድ ክሩን ወደ ውሃው ጎትቶ የሚወስደው የማባበያው ክብደት ነው፤ በዚህኛው ግን ከላባና ከጸጉር የተሠራችው ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ስለሚቻል፣ ተሸክሞ የሚወስዳት ሆን ተብሎ ወፍራምና ከባድ ተደርጎ የተሠራው ክር ራሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በሰኔ ሙቀት ተነሣሥቶ ነው፤ እኔ ግን በመስከረም እንዲጀመር እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ዘመን መለወጫ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በመስከረም የተራራው በረዶ ቀልጦ ካለፈ ወራት ስለሚሆነው ወንዙ ዝቅ ብሎ ይጠራል፣ የታችኛው ድንጋይ ሳይቀር ይታያል፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ስለሚሄድም ዓሣው ቀኑን ሙሉ ይበላል። ጀማሪ ስሕተቱን በዓይኑ ማየት የሚችልበት ወቅት ይኸው ነው።

አስቀድሞ የሚዘጋጀው

በመጀመሪያ ፈቃድ ያውጡ። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ከኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የማጥመጃ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ፈቃዱም በኢንተርኔት ይገኛል። ቀጥሎ የሚሄዱበትን ወንዝ ደንብ ያንብቡ። ለምሳሌ በሳውዝ ፕላት ላይ ከቺዝማን ግድብ በታች ባለው ሸለቆ የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ ሲሆን፣ የተያዘው ዓሣ ሁሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። በዚህ ነገር ያልሳቀብኝ የማኅበር ጓደኛ የለም፤ «ያን ሁሉ መንገድ ነድተህ፣ ይዘህ ልትለቀው ነው?» ይሉኛል።

ለጀማሪ የሚበቃው ዘንግ 9 ጫማ ርዝመት ያለው ቁጥር 5 ነው። ቁጥሩ ዘንጉ የሚወረውረውን የክር ክብደት ስለሚያመለክት ክሩም ቁጥር 5 መሆን ይኖርበታል። ዓሣው ወፍራሙን ክር እንዳያይ በጫፉ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ሊደር የተባለ ግልጽ ክር ይታሰራል፣ በእርሱም ጫፍ ቲፔት የሚባለው ቀጭን ክር ይቀጠላል፤ 5ኤክስ የሚባለው መጠን 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ውድ የክር መጠቅለያ መግዛት አያስፈልግም፣ በእነዚህ ወንዞች ዋና ሥራው ክር ማስቀመጥ ነውና። ገንዘብዎን ውሃ በማያስገባ ሱሪና በጥብቅ ቀበቶው፣ የውሃን ነጸብራቅ በሚያጠፋ መነጽርና በአንዲት ርካሽ የውሃ ቴርሞሜትር ላይ ያውሉት።

ውርወራውን ወንዝ ሳይወርዱ በሣር ሜዳ ላይ ይለማመዱ። በክሩ ጫፍ በመንጠቆ ፈንታ ቁራጭ የሱፍ ክር ያስሩና፣ ከጎንዎ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት እንዳለ አስበው ዘንጉን በ10 እና በ2 ቁጥሮች መካከል ብቻ ያመላልሱ። ቁም ነገሩ ያለው በኋለኛው ጫፍ ላይ በሚደረገው ቆይታ ነው፤ ክሩ ከኋላዎ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ሳይታገሡ ወደ ፊት ከመለሱት ይጮኻል። በቡሄ ጅራፍ ማጮኽ የለመደ ሰው እዚህ ላይ በጣም ይቸገራል፣ በዚያኛው ሙያ የሚያስመሰግነው ድምፅ በዚህኛው ዝንቧን ከክሩ በጥሶ የሚጥል ጥፋት ነውና።

በወንዙ ላይ

ትራውት ጉልበቱን የሚቆጥብ እንስሳ ነው። የሚቆመው ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር በሚጎራበትበት መስመር፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ፊትና ኋላ፣ እንዲሁም ጥልቁ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች ራሱ ሳይደክም ፈጣኑ ውሃ ምግብ ያመጣለታል። ስለዚህ መሐል ወንዙን ከመምታት በፊት ዳሩን ያጥምዱ፣ ከታች ወደ ላይ እየወጡም ከኋላው ይቅረቡት።

ምግቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከውሃው በታች ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጠው ይመልከቱ፤ ከሥሩ የተጣበቁት ትንንሽ ተሳቢዎች ሜይፍላይ፣ ካዲስና ስቶንፍላይ የሚባሉት ነፍሳት እጮች ናቸው። በመጠንና በቀለም እነርሱን የምትመስል ዝንብ ከሳጥንዎ መርጠው፣ ከእርሷ በላይ ጥቂት ማክበጃ ያድርጉና፣ የጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ራቅ አድርገው ትንሽ ተንሳፋፊ ምልክት ይሰሩላት። ምልክቱ ቢቆም፣ ቢሰምጥ ወይም ወደ ጎን ቢል ዘንጉን ያንሡ። ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሁልጊዜ ያንሡ።

ጀማሪው ዓሣ ሳይይዝ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዝንብ ምርጫ ስሕተት አይደለም። በእርስዎና በዝንቧ መካከል ያለው ውሃ ዝንቧ ካለችበት ውሃ የበለጠ ሲፈጥን ክሩን ይጎትተዋል፣ ክሩም ዝንቧን ይጎትታታል፣ እውነተኛ ነፍሳት ግን ከፍሰቱ ጋር እንጂ ፍሰቱን አቋርጠው አይሄዱም። መድኃኒቱ ዝንቧ ውሃ እንደነካች በዘንጉ ጫፍ ክሩን አንሥቶ ወደ ላይኛው ፍሰት ማዞር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ዝንብ ስቀያይር ያሳለፍኩት ይህን ሳላውቅ ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር ብራውን ትራውት ዕንቁላሉን የሚጥልበት ጊዜ ነው። ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን ጠርጋ የምታዘጋጀው ስፍራ ከአካባቢው የነጣ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ላይ መርገጥ ያልተፈለፈለውን ዕንቁላል መጨፍለቅ ስለሆነ ዙረው ይለፉ፣ በላዩ የቆመውንም ዓሣ አይንኩት። ብራውን ትራውት እንደ እኛው መጤ ነው፤ ዕንቁላሉ ወደ አሜሪካ የገባው በ1883 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ነበር። በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚገኙትም ትራውቶች ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ናቸው፣ ስለዚህ እዚህ የተማረውን ይዞ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እጁ አይፈታም።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብዙ ወንዞች በረዶ ይሸፍናቸዋል፤ ከግድብ በታች ያለው ውሃ ግን አይረጋም። ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ በግድቡ ሥር የሚተኛውና ከዚያ የሚለቀቀው ውሃ በዚህ ሙቀት ግድም ይሆናል። በ1905 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የቺዝማን ግድብ ሳውዝ ፕላትን በበረዶ ወራት የሚጠመድበት ያደረገውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ወቅት ያለው ምግብ ሚጅ የምትባል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ትንኝ ስለሆነች ከ20 እስከ 24 ቁጥር ያሉ ዝንቦችና (የዝንብ ቁጥር በጨመረ መጠን ዝንቧ ታንሳለች) ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋሉ። በአበሻ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ማጥመድ ይበቃል። ከጥጥ ልብስ ይልቅ ሱፍ ይልበሱ፣ በዳር በተዘረጋው በረዶ ላይ ግን አይራመዱ፤ ከሥሩ ውሃው ቦርቡሮት ሊሆን ይችላል።

መጋቢትና ሚያዝያ በደመናማ ቀን ትንንሽ ሜይፍላዮች ከውሃው ላይ የሚነሡበት ጊዜ ነው፤ ዝንብን በውሃው ገጽ ላይ አንሳፍፎ ዓሣው ሲጎርሳት ማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ መክፈቻ የለም። በግንቦት ልደታ ግድም ደግሞ በአርካንሳስ ወንዝ ላይ ካዲስ እንደ ጭስ እየተነሣ ቁጥቋጦውን ይሸፍነዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ውሃው 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከሌድቪል እስከ ፓርክዴል ያለው 102 ማይል የዚህ ወንዝ ክፍል በ2014 እ.ኤ.አ. የወርቅ ሜዳልያ ውሃ ተብሎ ተሰይሟል፤ ይህን ስያሜ ለማግኘት በአንድ ኤከር ውስጥ ቢያንስ 60 ፓውንድ ትራውትና 14 ኢንች የሞሉ 12 ዓሦች መኖር አለባቸው።

ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ በረዶው ሲቀልጥ ወንዞቹ ደፍርሰው ይሞላሉ። ከቤት ሳይወጡ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በየወንዙ የተከለውን መለኪያ በኢንተርኔት ይመልከቱ፤ በእኔ አስተያየት ዴከርስ ላይ በሰከንድ ከ500 ኪዩቢክ ጫማ በላይ የሚያሳይ ከሆነ ጀማሪ ውሃው ውስጥ መግባት የለበትም። በእነዚህ ሳምንታት ወደ ሐይቆች መሄድ ይሻላል።

ሐምሌና ነሐሴ እንደ አገር ቤቱ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ዘመናዊ ዘንግ ከካርቦን የተሠራና ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ በመሆኑ ነጎድጓዱን እንደሰሙ ዘንጉን ያስቀምጡና ከውሃው ይውጡ። ከመብረቁ ያልተናነሰ ጥንቃቄ የሚሻው የውሃው ሙቀት ነው። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ስለሆነ፣ ታግሎ የደከመ ትራውት በሕይወት የተለቀቀ ቢመስልም በኋላ ሊሞት ይችላል። ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ካሳየ የዕለቱ ማጥመድ አብቅቷል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ማጥመድ ይመረጣል። በማንኛውም ወቅት ቢሆን ዓሣውን በደረቅ እጅ አይያዙ፣ ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋልና። የጀርባ እሾሁ በጉጠት የተጨፈለቀ መንጠቆ ይጠቀሙ፣ ፎቶ ካነሡም ዓሣው ከውሃ ውጭ ከ10 ሰከንድ በላይ አይቆይ።

በነሐሴ ከዳሩ ሣር ነፋስ የሚጥለው ፌንጣ ትልልቆቹን ዓሦች ወደ ዳር ያመጣቸዋል፣ የፌንጣ ዝንብም በደንብ ስለምትታይ ዓይኑ ለደከመ ሰው ታመቻለች። በጳጉሜን ሌሊቶቹ መቀዝቀዝ ይጀምራሉ፤ ፌንጣው ግን አመዳይ እስኪመታው ድረስ ከሣሩ ስለማይጠፋ፣ ለመስከረም ሳጥንዎን ሲያደራጁ ሁለት ሦስቱን ይተዉለት።