የከተማ ወሰን ሲሰፋ በእሳት አደጋ አገልግሎት ድርድር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ስቴት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሬንተንና በኬንት አካባቢ፣ አንድ ከተማ በካውንቲው ሥር የነበረን ሰፈር ወደ ራሱ ሲያጠቃልል ነዋሪው በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ፖሊስና ስለ መንገድ ነው። የእሳት አደጋ አገልግሎቱን ግን የራሱ ተመራጭ ኮሚሽነሮች፣ የራሱ ጣቢያዎችና የራሱ ግብር ያሉት ዲስትሪክት ይዞት ስለቆየ፣ የከተማው ምክር ቤት የሚደራደረው በሥሩ ካለ መምሪያ ጋር ሳይሆን ራሱን ከቻለ ሌላ የመንግሥት አካል ጋር ነው።

የመጀመሪያውና ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት፣ በተጠቃለለው መሬት ላይ የቆመ ጣቢያ ወዲያውኑ የከተማው ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው። የስቴቱ ሕግ የሚያየው ጣቢያው የቆመበትን ቦታ ሳይሆን፣ የተጠቃለለው መሬት ለግብር ከተገመተው የዲስትሪክቱ ጠቅላላ የንብረት ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ነው። ድርሻው 60 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የዲስትሪክቱ ንብረት ወደ ከተማው ይዛወራል፤ ከተማውም ከወሰኑ ውጭ ለቀረው ክፍል የሚገባውን ይከፍላል። ከ60 በመቶ ካነሰ ግን ጣቢያውም መኪናውም በዲስትሪክቱ እጅ ይቆያሉ፤ ዲስትሪክቱ የከተማውን ድርሻ በጥሬ ገንዘብ፣ በንብረት ወይም በአገልግሎት ውል ይከፍላል። መሬቱ ከዲስትሪክቱ ስፋት 5 በመቶ የማይሞላ ከሆነ ደግሞ በመደበኛው አሠራር ክፍያ የለም። እንግዲህ ይህን ስሌት ሳይሠራ ጣቢያውን በዕቅዱ ውስጥ ያስገባ ምክር ቤት በሰው ንብረት ላይ አቅዷል ማለት ነው። በእኔ አመለካከት ከሦስቱ የክፍያ መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚሻለው የአገልግሎት ውል ነው፤ ሁለት ጣቢያዎች ተቀራርበው እንዳይሠሩ ያደርጋልና። ሬንተን በ2008 ቤንሰን ሂልን ካጠቃለለች በኋላ፣ አካባቢውን ያገለግል የነበረው ዲስትሪክት 40 አገልግሎቱን በውል ከሬንተን ወደ ማግኘት ተሸጋግሯል።

ሁለተኛው ስህተት ጥቅለላው የሚጸናበትን ቀን እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ መቁጠር ነው። የአንድ ዓመት የንብረት ግብር የሚጣለው ባለፈው ዓመት ኦገስት 1 በነበረው ወሰን መሠረት ስለሆነ፣ በሴፕቴምበር የተጠቃለለ ሰፈር በቀጣዩ ዓመትም የሚከፍለው የዲስትሪክቱን ግብር ነው። ከተማው በዚህ የሽግግር ጊዜ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የሚገባውን ለማግኘት፣ ጥቅለላው ከሚጸናበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ የቦታዎቹን የግብር መለያ ቁጥሮች ዝርዝር ለካውንቲው ገንዘብ ያዥ፣ ለገማቹና ለዲስትሪክቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ገንዘብ ያዡ ለከተማው እንዲያስተላልፍ የሚገደደው ማስታወቂያው ከደረሰው 30 ቀን በኋላ የተሰበሰበውን ብቻ ነው። የዲስትሪክት መደበኛ ግብር ጣሪያ በእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የንብረት ግምት 1.50 ዶላር ነው፤ በዚህ ጣሪያ 600,000 ዶላር የተገመተ አንድ ቤት በዓመት 900 ዶላር ይከፍላል። ይህ በቤቶቹ ቁጥር ሲባዛ የአንድ ደብዳቤ መዘግየት ስንት እንደሚያሳጣ ማስላት አይከብድም።

በካርታ ላይ ርቀትን በቀጥታ መስመር መለካትም የተለመደ ስህተት ነው። ኢንሹራንሶች የሚመለከቱት የእሳት መከላከያ ደረጃ ሲወጣ ቤቱ ከጣቢያው በመንገድ 5 ማይል ውስጥ፣ ከሃይድራንት (መንገድ ዳር ከቆመ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ) ደግሞ 1,000 ጫማ ውስጥ መሆኑ ይታያል። ገደል ወይም አውራ ጎዳና መሐል ከገባ፣ በካርታው ቅርብ የሚመስለው የከተማ ጣቢያ ከዲስትሪክቱ ጣቢያ ይልቅ ሩቅ ሊሆን ይችላል። የስቴቱ ሕግ የጥቅለላ ወሰን የአንድን መንገድ ስፋት ለሁለት እንዳይሰነጥቅ ይከለክላል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቤቶች በሁለት አገልግሎቶች መከፈላቸውን ግን አያስቀርም። ስለዚህ 911 ሲደወል የትኛው መኪና እንደሚወጣ በውሉ መጻፍ አለበት፤ ሲጠየቁ የሚሰጡት እርዳታና ሳይጠየቅ ቅርብ የሆነው መኪና የሚላክበት ስምምነት አንድ አይደሉምና።

ዕዳና ሠራተኛም አይዘነጉ። ሰፈሩ ከመጠቃለሉ በፊት መራጮች ያጸደቁት የዲስትሪክቱ የቦንድ ዕዳ ንብረቱን ተከትሎት ይሄዳል፤ በጥቅለላው ምክንያት ሥራቸውን የሚያጡ የዲስትሪክቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ወደ ከተማው የመዛወር መብት አላቸው።

የመጨረሻው ስህተት ወሰኑ የግድ መኖር አለበት ብሎ መነሣት ነው። ኬንት ፓንተር ሌክን ባጠቃለለችበት ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 2010፣ የከተማው የእሳት አደጋ መምሪያና ዲስትሪክት 37 መራጮች ባጸደቁት አንድ የክልል የእሳት አደጋ ባለሥልጣን (ከተማውንና ዲስትሪክቱን በአንድነት የሚያገለግል፣ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት) ሥር ሥራ ጀመሩ፤ የአገልግሎቱ ወሰን የት ይለፍ የሚለው ክርክርም በዚያው ተዘጋ። ይህን መንገድ የሚመርጥ ምክር ቤት ግን እንዲህ ያለው ባለሥልጣን በመራጮች ፈቃድ ከንብረት ግብሩ በተጨማሪ በሕንፃው ስፋትና ዓይነት የሚሰላ ክፍያ ሊጥል እንደሚችል፣ ነዋሪው በቢሉ ላይ ከማየቱ በፊት በሕዝብ ስብሰባ ሊነግረው ይገባል።