የፍራፍሬ ዝንብ እጭ እንዴት ይሄዳል? ነርቮቹ የሚሠሩትን ቤት ውስጥ የማየት ዘዴ

እንቅስቃሴ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ከቆዳና ከጡንቻ ወደ ላይ የሚመለሰውን መልእክት እንረሳዋለን። እሱ ካልደረሰ ግን አካሄድ ይበላሻል። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የበሰለ ሙዝ፣ ጠርሙስ፣ አጉሊ መነጽርና የስልክ ካሜራ ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ያዙ። በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ አዮን ቻናል የሚባሉ፣ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ። አንዳንዶቹ ሲነኩ ወይም ሲለጠጡ ይከፈታሉ፣ ሌሎቹ ሲሞቁ። በሩ ሲከፈት ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ነርቩም መልእክቱን ይልካል።

1. እጮቹን አሳድጉ

በሙዙ ቁራጭ ላይ ትንሽ እርሾ ነስንሱና ጠርሙስ ውስጥ ክፍቱን አስቀምጡት። ትንንሾቹ ዝንቦች ሲገቡ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እንቁላሉ በ1 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ከዚያ 4 ወይም 5 ቀን ቆይቶ ትልቁ እጭ ምግቡን ትቶ የጠርሙሱን ግድግዳ መውጣት ይጀምራል። የምንፈልገው እሱን ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቀኑ ይረዝማል። በ18 ዲግሪ እድገቱ እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳልና አትቸኩሉ።

2. መሄጃውን አዘጋጁ

እጩ ነጣ ያለ ስለሆነ ጥቁር ሳህን ይሻላል። ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡት፣ ውሃ ግን አይቋጠርበት። እጩን በእርጥብ ለስላሳ ብሩሽ አንስታችሁ እጠቡት። ከዚያ 1 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ይረጋጋ።

3. ሞገዱን ተከታተሉ

በስልካችሁ ስሎ ሞሽን ቅረጹት። የእጩ ሰውነት በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ መኮማተሩ ከጭራው ይነሳና ክፍል በክፍል እያለፈ ጭንቅላቱ ጋ ይደርሳል። ሞቅ ባለ ክፍል አንዱ ሞገድ 1 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በደቂቃ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ።

እኔን እጅግ የሚማርከኝ ይህ ደረጃ ነው። አንዱ ክፍል ሲኮማተር ከቆዳው ሥር ያሉት የስሜት ነርቮች ቅርንጫፎች ይታጠፋሉ፤ ቻናሎቻቸውም ይከፈታሉ። ተመራማሪዎች መልእክቱን እንዲህ ይረዱታል፤ «ይህ ክፍል ጨርሷል፣ ተራው የሚቀጥለው ነው።» እነዚህ ነርቮች ዝም እንዲሉ ሲደረግ ሞገዱ አይጠፋም፣ ነገር ግን በጣም ይዘገያል። ትእዛዙ አለ፤ የጎደለው ከታች የሚመጣው ወሬ ነው። ኖምፕሲ የተባለው ቻናል የተበላሸባቸው እጮችም አካሄዳቸው ይጎተታል። ቲኤምሲ የሚባለው ሌላው ቻናል ሲጎድል ደግሞ እጩ ወደ ኋላ መሄድ ያበዛል። የቲኤምሲ ዘመድ የሆነ ዘረመል በሰው ላይ ሲበላሽ መስማት መሳንን ያመጣል። ስለዚህ የእጩ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው።

4. በሽፋሽፍት ንኩት

አንድ የወደቀ ሽፋሽፍት ከስንጥር ጫፍ ጋር አጣብቁ። እጩ ወደ ፊት እየሄደ ሳለ ከጭንቅላቱ ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ ንኩት። ነጥብ ስጡት። ምንም ካላደረገ 0፣ ትንሽ ካመነታ 1፣ የፊቱን ከሰበሰበ ወይም ከዞረ 2፣ አንዴ ወደ ኋላ ከተኮማተረ 3፣ ደጋግሞ ካፈገፈገ 4። አንዱን እጭ 4 ጊዜ ነክታችሁ ነጥቡን ደምሩ። በቤተ ሙከራም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ለስላሳውን ንክኪ በዋናነት የሚይዘው ያው ኖምፕሲ ነው።

5. መንከባለሉን ለቤተ ሙከራ ተዉት

በጋለ ነገር ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ሙቀቱን በትክክል መቆጣጠር ካልቻላችሁ እጩን ከማቃጠል ያለፈ ትርፍ የለውም። ውጤቱን ግን ማወቅ ደግ ነው። በ46 ዲግሪ የጋለ ጫፍ ሲነካው ጤነኛ እጭ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በጎኑ ይንከባለላል። በ2003 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሩ ተመራማሪዎች ሲበላሽ ይህን ምላሽ የሚያዘገይ ዘረመል አገኙና «ፔይንለስ» አሉት፤ «ሕመም የለሽ» እንደማለት። ፒየዞ የተባለው ቻናል ደግሞ ጠንካራ ግፊትን ይለያል። ተመራማሪው አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ፒየዞን ጨምሮ በንክኪ ቻናሎች ላይ በሠራው ሥራ ነው።

መንከባለሉ ከጠላት ማምለጫ ነው። ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን ልትጥልበት ስትወጋው እጩ የሚንከባለለው ወደ ተወጋበት ጎን ነው። ያኔ መውጊያዋ በሰውነቱ ዙሪያ ይጠመጠማል።

6. ማነጻጸር ከፈለጋችሁ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካላችሁ ቻናላቸው የተለወጠ ዝንቦችን በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ካለው የብሉሚንግተን የድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) ክምችት ማዕከል በተቋማችሁ በኩል ማዘዝ ይቻላል። ጤነኛውንና የተለወጠውን በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ሙቀት፣ በአንድ ሳህን ላይ ለኩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለሚቆጥረው ሰው አትንገሩት። ሙቀት ብቻውን ፍጥነቱን ስለሚለውጥ ቴርሞሜትር ከሳህኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ ንባቡንም ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጋር መዝግቡ።