ስለ ምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት እንደ አንድ በሽታ መቁጠሩ ነው፤ ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚሁ ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የቧንቧውን ውስጠኛ ገጽ ከሸፈኑት ጠፍጣፋ ሕዋሳት ይነሳል፤ በአብዛኛው የሚገኘውም በላይኛውና በመካከለኛው ክፍል ነው። አዴኖካርሲኖማ ግን ወደ ጨጓራው መግቢያ ቀርቦ ይበቅላል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አብዛኛውን ጊዜ ይለያሉ፦ የመጀመሪያው ኬራቲን (የጥፍርና የፀጉር ፕሮቲን) ሲሠራ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ሮዝ ዶቃ ይታያል፤ ሁለተኛው የአመንጪ ዕጢ (ግላንድ) ቅርጽ ይዞ ንፍጥ ያመነጫል።

የአንዱን አገር መንስኤ ለሌላው ማልበስም አለ። ብዙ መጻሕፍት ስኳመሱን ከሲጋራና ከአልኮል ጋር ብቻ ያያይዙታል። በሰሜን ኢራን ጎለስታን ግን ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ አያጨሱም፣ አይጠጡምም፤ እዚያ እንደ መንስኤ የሚነሱት ኦፒየም (ከፖፒ ተክል የሚገኝ አደንዛዥ ዕፅ)፣ እጅግ ትኩስ ሻይና የአትክልትና ፍራፍሬ እጥረት ናቸው። በምሥራቅ እስያ ደግሞ አልኮል ሲቀምሱ ፊታቸው የሚቀላ፣ አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣውን መርዛማ አሴታልዲሃይድ በወጉ ማስወገድ የማይችል ኢንዛይም የወረሱ ሰዎች ከጠጡ አደጋቸው ይጨምራል። ከኢትዮጵያ በኬንያና በማላዊ አልፎ ደቡብ አፍሪካ በሚደርሰው መስመርም በሽታው የበዛ ነው፤ ከ30 ዓመት በታች ያሉ ታማሚዎችም ይገኙበታል። ስለዚህ «ገና ልጅ ነው» ብሎ መላሽ ሐኪም ያሳስበኛል።

ጥፋቱን በራሱ በሻዩ ወይም በቡናው ላይ መጣልስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ያለው ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚጠጣን ማንኛውንም መጠጥ ነው። ሻይና ቡና በረድ ብለው ሲጠጡ ይህ ፍርድ አይመለከታቸውም።

ቃርን ሁሉ ካንሰር ማለትም ስህተት ነው። ለዓመታት የቆየ ቃር የቧንቧውን የታች ሽፋን ወደ አንጀት መሰል ሽፋን ሊለውጠው ይችላል፤ ይህ ባሬት ይባላል። ባሬት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይይዛቸውም፤ ክትትል ግን ያስፈልጋቸዋል።

በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን በማየት) አንድ ቁራጭ ብቻ ቆርጦ መውጣት ደግሞ የሚያስቆጭ ነው። ከቁስሉ ላይ የሞተ ሥጋ ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ ሐሰተኛ እፎይታ ይሰጣል፤ በርከት ያሉ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። የሉጎል አዮዲን የተባለው ማቅለሚያ ፈሳሽ ሲረጭ ጤናማው ሽፋን ቡናማ ይሆናል፤ የተለወጠው ቦታ ሳይቀለም ይቀራል፣ ናሙናውም ከዚያ ይወሰዳል።

ከሁሉ የሚከፋው መጠበቅ ነው። ምግብ ሲያንቅ በውሃ ማወራረድ፣ ቀጥሎ ወደ ለስላሳ ምግብ መዞር፣ በመጨረሻ ውሃውም እምቢ ሲል ወደ ሐኪም መሄድ። ቧንቧው ስለሚለጠጥ መዋጥ እስኪቸግር ድረስ ዕጢው ብዙ ቦታ ይዟል፤ አብዛኛው ክፍሉም እንደ አንጀት የውጭ መሸፈኛ ስስ ሽፋን ስለሌለው ወደ ጎረቤቶቹ ለመዝለቅ አይቸገርም። ጠጣር ምግብ ደጋግሞ መያዝ የጀመረ ዕለት መመርመር ይገባል።