ኤሊያችሁ መታመሟን በምን ታውቃላችሁ? ካወቃችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?

ኤሊ ሕመሟን ትደብቃለች። አትጮኽም፣ አታቃስትም። እናንተ "ዛሬ ምን ነካት?" ባላችሁበት ቀን ብዙ ጊዜ ሰንብቶባታል። ስለዚህ "እስቲ ትንሽ እንያት" ማለት ለኤሊ አይሆንም።

የምጽፈው ስለ ቀይ ጆሮዋ የውሃ ኤሊ ነው፤ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ተብላ በብዛት የምትገዛው። ዋጋዋ ርካሽ ስለሆነ "ለእሷ ደግሞ ሐኪም?" የሚል አይጠፋም። በደንብ ከተያዘች ግን ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ቤታችሁ ካስገባችኋት ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልመዱ፦ በየሳምንቱ በግራም ሚዛን መዝኗትና ጻፉት። በዓይን የማይታይ መክሳት ሚዛን ላይ ይታያል።

አንድ ነገር ስትጠረጥሩ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ። ኤሊ እንደኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ምግብ አይፈጭላትም፣ በሽታ የመከላከል አቅሟም ይወድቃል። የአዋቂ ኤሊ ውሃ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ75 እስከ 80 አካባቢ ይሁን፤ ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ደግሞ ከ30 እስከ 35 ሴልሺየስ። የዩቪቢ አምፖሉንም አትርሱ፤ ዩቪቢ ካልሲየም ሰውነቷ ውስጥ እንዲሠራ የሚረዳው የፀሐይ ጨረር ዓይነት ነው። መብራቱ እየበራ እንኳ ጨረሩ ይደክማልና ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት፤ በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይተካውም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የመተንፈሻ ሕመም ነው። ከአፍንጫዋ አረፋ ወይም ንፍጥ ደጋግሞ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ አየር ለመሳብ የምትታገል ከሆነ፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካጋደለች ወይም መጥለቅ አቅቷት ላይ ላዩን ከተንሳፈፈች ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ሳንባዎቿ እኩል አየር ስላልያዙ ነው ሚዛኗ የሚዛባው። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። እስከዚያው ውሃውን 27 ወይም 28 ዲግሪ ማድረስ ያግዛታል፤ ሕክምና ግን አይደለም። ሙቀቱ ሲጨምር አረፋው ቀነሰ ብሎ "ዳነች" ማለት አደገኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል።

ዓይኗ አብጦ ከተከደነ ብዙ ጊዜ መነሻው የቫይታሚን ኤ እጥረት ወይም የቆሸሸ ውሃ ነው። ማየት ስለማትችል መብላትም ታቆማለች። ከዓይኗ ኋላ፣ በጆሮዋ በኩል ጉብ ያለ እብጠት ካያችሁ መግል ነው፤ የኤሊ መግል እንደ አይብ የጠጠረ ስለሆነ በራሱ አይፈስም፣ ሐኪም ቀድዶ ያወጣዋል እንጂ እናንተ አትጭመቁት። ብዙዎቹ እንዲህ የሚታመሙት ደረቅ ሽሪምፕ ብቻ እየበሉ ስለሚያድጉ ነው። ለወጥ ከገዛችሁት ጎመን ቆረስ አድርጋችሁ ስጧት፤ የተፈቀፈቀ ካሮትና ዱባም ጥሩ ነው። ቆስጣ ግን አታዘውትሩ፣ ካልሲየሙን ይይዝባታል። የቫይታሚን ኤ መርፌ በግምት መስጠት ቆዳዋን እስከመላጥ ያደርሳል፤ መጠኑን ለሐኪም ተዉት።

ቅርፊቷ ላይ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ልጣጭ ሲረግፍ አትደንግጡ፤ እያደገች ነው፣ በእጃችሁ ግን አትላጡት። የሚሸት፣ የሚቦረቦር፣ ስትነኩት የሚለሰልስ ወይም ሮዝ ፈሳሽ ያለው ቦታ ካለ ግን መበስበስ ነው። ቅርፊቱ በሙሉ ከለሰለሰ ደግሞ የካልሲየምና የዩቪቢ እጥረት ነው።

ሁለት ድንገተኛ ነገሮችም አሉ። ከጭራዋ ሥር የወጣ ሥጋ ካልተመለሰ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ በዚያው ሰዓት ሩጡ። ሴት ኤሊ ደግሞ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች፤ መብላት ትታ በኋላ እግሯ እየቆፈረች የምትቅበጠበጥ ከሆነ የምትቆፍርበት አፈር ስጧት፤ እያማጠች ካልወጣላት ወይም ከደከመች ራጅ ያስፈልጋታል።

የቤት መድኃኒት አትሞክሩ። በተለይ ለውሻ ወይም ለከብት የሚሰጠው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ ኤሊን ይገድላል፤ ቤታችሁ ካለ ከአጠገቧ አርቁት።

ኤሊ የሚያክመው ሁሉም የእንስሳት ሐኪም አይደለም፤ ስትደውሉ "ተሳቢ እንስሳት ታያላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትወስዷት ውሃ ውስጥ አታድርጓት፤ አየር የሚገባበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ፎጣ አንጥፉና መኪናውን አሙቁ። የገንዳዋንና የመብራቷን ፎቶ፣ የጻፋችሁትንም ክብደት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ብዙውን ነገር የሚያገኘው ከዚያ ነው። መብላት ጀመረች ብላችሁ የታዘዘላትን መርፌ አታቋርጡ።

እናንተም ተጠንቀቁ። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን በተቅማጥና በትኩሳት የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች ስለታመሙ ነው። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይንኳት፣ ገንዳዋንም ሰሃን በምታጥቡበት ሲንክ ውስጥ አትጠቡ።